የአቢሲኒያ ባንክ የመነሻ ወጪ

በባዕድ አገር ሥራ ለመክፈት የሚነሣ ድርጅት ከሁሉ አስቀድሞ የወጪ ዝርዝር ያወጣል። በዝርዝሩም ውስጥ የቤት ኪራይ፣ የዕቃ መግዣ፣ ደመወዝ፣ የጉዞ አበልና የፈቃድ ክፍያ ይመዘገባሉ። እነዚህ በዓይን የሚታዩ በመሆናቸው ከሒሳብ ሠራተኛ ዕይታ የሚያመልጡት እምብዛም ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ገቢ ወጪን እስኪሸፍን ድረስ የሚያልፈው ዘመንና ያ ዘመን የሚበላው ገንዘብ ነው። የዚህን ቸልታ ዋጋ ለመመዘን ከአገራችን የመጀመሪያ ባንክ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1905 ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ የግብፅ ብሔራዊ ባንክን ከወከሉት ከሚስተር ማክጊሊቭሬይ ጋር ስምምነት አደረጉ። በስምምነቱ መሠረት የሚቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ ለ50 ዓመት በአገሪቱ ውስጥ ብቸኛ ባንክ ሆኖ እንዲሠራና የባንክ ኖት እንዲያወጣ ተፈቀደለት። የተፈቀደለት ካፒታል 500,000 ፓውንድ ስተርሊንግ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛው፣ ማለት 100,000 ፓውንድ፣ የተከፈለ ነበር። ባንኩም ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1906 በንጉሠ ነገሥቱ ተመርቆ ሥራውን ጀመረ።

ይህን ውል በካይሮ ወይም በለንደን ሆኖ የተመለከተ ባለ አክሲዮን ትርፉን ሩቅ አድርጎ ሊያስብ የሚችልበት ምክንያት አልነበረም። ተወዳዳሪ የለም፤ የውሉ ዘመን ረጅም ነው፤ መንግሥቱም ደንበኛ ነው። ነገር ግን ብቸኛ የመሆን መብት ሌላውን ከገበያ ያርቃል እንጂ ገበያውን ራሱን አይፈጥርም። ገበያውን ለመፍጠር የሚያስፈልገው ወጪ በውሉ ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

የመጀመሪያው ከባድ ወጪ የመንገድ ወጪ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ቆሞ ስለነበር፣ ባንኩ ሲከፈት ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ጉዞ በበቅሎና በግመል የሚከናወን ነበር። የብረት ሣጥኑም፣ መዝገቡም፣ ሠራተኛውም የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። የባንኩ ሹማምንት ለሥራ ጉዳይ የሚያደርጉት ጉዞና የመሥሪያ ቤቱ ማቋቋሚያ ከፍተኛ ገንዘብ እንደ ጠየቁ በባንኩ ታሪክ ውስጥ ተለይተው የሚጠቀሱ ናቸው።

ባንኩ የሚነግድበት ሸቀጥ፣ ማለት ገንዘቡ ራሱ፣ ሌላ ሸክም ነበር። በጊዜው በአገሪቱ ውስጥ በሰፊው የሚዘዋወረው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። የአንዱ ጠገራ ክብደት 28 ግራም ገደማ በመሆኑ 10,000 ብር ወደ 280 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ከባሕር ማዶ ማስመጣት፣ ማስጠበቅና ከከተማ ወደ ከተማ ማጓጓዝ ሁሉ ወጪ ነው። ከዚህም በላይ የባንኩ ካፒታል በፓውንድ የተቆጠረ ሲሆን ሥራው ግን በብር ስለሚካሄድ፣ የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የባንኩም ሒሳብ አብሮ ይናወጥ ነበር።

ሦስተኛውና ምናልባትም ትልቁ ወጪ እምነትን የማግኘት ወጪ ነው። ሕዝቡ ለባንክ ሥራ እንግዳ ነበር። ጠገራውን በእጁ መዝኖ፣ ድምፁን ሰምቶና ምስሉን አይቶ የሚቀበል ነጋዴ ገንዘቡን ለማያውቀው የውጭ ሰው አስረክቦ ወረቀት ይዞ እንዲመለስ ማግባባት የአንድ ዓመት ሥራ አይደለም። የባንኩ ደንበኞች በአብዛኛው የውጭ አገር ነጋዴዎችና ጥቂት ባለጸጎች ሆነው ቆዩ።

ውጤቱ በሒሳብ መዝገብ ላይ ታየ። ባንኩ ምንም ተወዳዳሪ ሳይኖረው እስከ 1914 ድረስ ትርፍ አላገኘም። ከዚያም በኋላ ትርፍ የተመዘገበው በ1919፣ በ1920ና ከ1924 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ነው። የመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ያለ ትርፍ ማለፋቸው ብቻውን የአመራር ድክመት ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም፤ የአገሩ ርቀትና የሥራው እንግድነት ያስከፈሉት ዋጋ ነውና። የጥበብ ጥያቄው ያንን ዋጋ አስቀድሞ አስልቶ ስንቅ መያዝ ነው።

ስንቁ ያለቀበት ድርጅት ምን እንደሚደርስበት በዚያው ዘመን ታይቷል። በ1894 በተሰጠ ፈቃድ መሠረት የተቋቋመው የምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ድሬዳዋ ካደረሰ በኋላ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ፉክክር ተይዞ በ1907 ከሰረ። ሥራው በሌላ ኩባንያ ቀጥሎ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ግማሽ መንገድ የሚያደርስ በጀት ይዞ የተነሣ በግማሽ መንገድ ይቀራል። የአቢሲኒያ ባንክ ግን ከጀርባው የቆመ ትልቅ ባንክ ስለነበረው የኪሳራውን ዘመን ሊሻገር ቻለ።

የመነሻ በጀት የመውጫንም ሒሳብ ሊይዝ ይገባዋል። የ50 ዓመቱ ውል ዕድሜውን ሳይጨርስ፣ በ1931 የኢትዮጵያ መንግሥት የአቢሲኒያ ባንክን በ235,000 ፓውንድ ገዝቶ በምትኩ 750,000 ፓውንድ ካፒታል ያለውን የኢትዮጵያ ባንክ አቋቋመ። አዲሱ ባንክ የቀድሞውን ሕንፃዎችና ሠራተኞች ተረከበ። በዚህ ዓይን ሲታይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪ ተብሎ የተመዘገበው ገንዘብ ሁሉ ባክኖ አልቀረም፤ ከፊሉ የሠለጠነ ሰውና የተለመደ አሠራር ሆኖ ለአገሪቱ ተርፏል። ዋጋውን ግን በስተመጨረሻ አገሪቱም ከፍላለች።

ኢትዮጵያውያንም በተራቸው ይህንኑ ፈተና ቀምሰውታል። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1958 በካርቱም ቅርንጫፍ ከፈተ። በ1963 ባንኩ ለሁለት ሲከፈል ቅርንጫፉ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥር ሆነ፤ በ1970 ግን የሱዳን መንግሥት ባንኮችን ሲወርስ አብሮ ተወረሰ። በ12 ዓመት ውስጥ የተገነባው የደንበኛ እምነት በአንድ አዋጅ ከእጅ ወጣ። እንዲህ ያለው አደጋ ቁጥር ተሰጥቶት በትክክል ሊሰላ አይችል ይሆናል፤ ይሁንና በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ ካልተሰጠው ውሳኔ ሰጪው እንደሌለ ይቆጥረዋል።

እንግዲህ ወደ ባዕድ አገር ለሚሄድ ድርጅት በጀት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ከቤት ኪራዩና ከደመወዙ ሥር ሦስት ጥያቄዎችን መጻፍ ይኖርበታል፦ ያለ ትርፍ ስንት ዓመት እንቆያለን? ያንን ዘመን የሚሸከመው ማን ነው? ስንወጣስ በእጃችን ምን ይቀራል? በ1906 የተከፈተው ባንክ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ድረስ 8 ዓመት ፈጅቶበታል። ጥያቄው በወረቀት ላይ ሲቀርብ የሚፈጀው ግን የአንድ ቀን የሒሳብ ሥራ ነው።