የእግር ውኃ

ልንገራችሁ፤ እኔ የእንፍራንዝ ልጅ ነኝ። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፎ እንፍራንዝን ያገኛታል። ከከተማዋ አጠገብ፣ ኮረብታው ላይ፣ አፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት አለ፤ የጎንደር ግንቦች ከመታነጻቸው በፊት የነበረ ነው። ከዚያ ቆሞ ወደ ምዕራብ ያየ ሰው ጣና ተዘርግቶ ይታየዋል።

በልጅነቴ፣ መሸት ሲል፣ ከደጃችን «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ!» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። አባቴ ከመደቡ ሳይነሳ «ግባ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው» ይላል። እናቴ ፍሟን ትቆሰቁሳለች፤ ውኃ ትጥዳለች። ውኃው ለብ ሲል በገበቴ ታቀርብልናለች፤ እኔና እህቴ ጎንበስ ብለን የእንግዳውን እግር እናጥባለን። ከዚያ እንጀራው ይመጣል። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ያድራል፤ ሲነጋ «ቤትህ ይባረክ» ብሎ አባቴን መርቆ መንገዱን ይቀጥላል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ የሚመረቀው አባቴ ነበር።

ዓመታት አለፉ። እኔም ኑሮ ገፍቶኝ ቻይና፣ ጓንዡ ከተማ ገባሁ። ሥራዬ ካርጎ ነው። የሀገሬ ነጋዴ የገዛውን ዕቃ ተረክቤ እቆጥራለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ኮንቴይነር ላይ አስጭናለሁ። ቤቴ 11ኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ መኝታ ክፍል፣ አንድ ትንሽ ሳሎን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ማድ ቤት። ዘጠኝ ዓመት ስኖር ከሀገር የመጣ ሰው ምሳ ጋብዣለሁ፣ ኤርፖርት ሸኝቻለሁ። ቤቴ አሳድሬ ግን አላውቅም ነበር።

ታዲያላችሁ፣ በ2017 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስልኬ ጮኸ። አብረውኝ ፊደል የቆጠሩ ሁለት የእንፍራንዝ ልጆች ናቸው። አንደኛው ዛሬ ባሕር ዳር ሱቅ አለው፤ ሁለተኛው ወረታ ላይ ሩዝ ይነግዳል። የባሕር ዳሩና የወረታው እያልኩ ልተርክላችሁ። «ለትልቁ ባዛር ልንመጣ ነው፤ ሆቴል ፈልግልን» አሉኝ። እኔ ተቆጣሁ። «የእናንተ ሆቴል የእኔ ቤት ነው!» አልኩ። ልክ እንደ አባቴ፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ።

ባዛሩ የሚሉት የጓንዡን ዓለም አቀፍ የንግድ ትርኢት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ተጀምሮ እስከ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመኸር ይካሄዳል። የመኸሩ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15፣ በእኛ ጥቅምት 5 በአቦ ዕለት ይከፈታል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የማሽነሪ ናቸው። የወረታው የሚፈልገውም ማሽን ነበር፤ የሩዝ መፈልፈያ።

ስለ ፎገራ ሩዝ ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ የሚያጥለቀልቁት ያ ሜዳ ድሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጥተው ሩዝ ዘሩበት፤ አንዱ ዝርያ እስከ ዛሬ በቀበሌው ስም ኤክስ ጅግና ይባላል። ዛሬ ገበሬው ሩዝ ያመርታል፤ እናቶች ከጤፍ ጋር እየቀላቀሉ እንጀራ ይጋግሩታል። ከእስያ የመጣ እንግዳ ሰብል እኛ ሜዳ ላይ ባለቤት ሆኖ ቀርቷል። የወረታው ችግር አሮጌው መፈልፈያ ሩዙን እየሰባበረበት ዋጋ ማጣቱ ነበር።

ጥቅምት 3 ቀን፣ እሑድ፣ ጓደኞቼ መጡ። እናቴ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ልካለች። ቅቤም ልትጨምር ነበር፤ የወተት ተዋጽኦ በተጓዥ ሻንጣ ቻይና ማስገባት ክልክል ስለሆነ ተዪው ብያታለሁ። ጓደኞቼ ደጃፌን እንደረገጡ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ቤት ለእምቦሳ!» አሉ። «እምቦሳ እሰሩ!» አልኳቸው፤ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያንን ቃል ለዚያ ቤት ያለለት ሰው አልነበረም።

ሻንጣቸውን እንዳስቀመጡ ግን ቡና ሳላፈላላቸው ፓስፖርታቸውንና የቤት ኪራይ ውሌን ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰድኳቸው። የሀገሩ ሕግ ነው፤ በሰው ቤት የሚያርፍ የውጭ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ መመዝገብ አለበት። የባሕር ዳሩ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አጠፋን?» አለኝ። «ምንም። እንግዳዬ መሆናችሁን ላስመሰክር ነው» አልኩት። እኛ ሀገር «ግባ» ማለት ይበቃ ነበር።

ስልካቸውም እዚያ ሀገር ዲዳ ሆነባቸው። ቴሌግራሙ አይከፍት፣ የለመዱት ካርታ አይሠራ። አብዛኛው ሻጭ ክፍያ የሚቀበለው በስልክ ነው፤ እነሱ የያዙት ጥሬ ገንዘብ። ስለዚህ ለውኃም፣ ለባቡርም፣ ለምሳም የምከፍለው እኔ ሆንኩ፤ እነሱ ማታ ማታ በደብተር ጽፈው ያወራርዱልኛል። አልቀበልም ብል የወረታው «እንግዲያው ነገ አንወጣም» አለኝ። ተቀበልኩ። እንግዳ ሲጨነቅ ማየት ከገንዘቡ ይከብዳል።

አቦ ዕለት ባዛሩ ተከፈተ። ፓዡ ላይ ያለው አዳራሽ ስፋቱን በወሬ አልነግራችሁም፤ ከጠዋት እስከ ማታ ተራምደን አንዱን ክፍል እንኳ አልጨረስንም። የወረታው ከአንዱ መፈልፈያ ወደ አንዱ እየሄደ የወጣውን ሩዝ በመዳፉ ይዘረጋል፤ ሙሉውን በአንድ በኩል፣ ስባሪውን በሌላ በኩል ለይቶ በጣቱ ይቆጥራል። ሻጩ ስለ ፈረስ ጉልበት ያወራል፤ እሱ ግን መዳፉን ብቻ ነው የሚያየው። እኔ መሐል ቆሜ ሳስተረጉም ጉሮሮዬ ደረቀ።

ማታ ሺያዎቤይ ሰፈር ወርደን የሀበሻ ምግብ በላን። ሺያዎቤይ አፍሪካዊው፣ ዓረቡና ቻይናዊው ሙስሊም ከክርስቲያኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገበያይበት ሰፈር ነው። የባሕር ዳሩ ዙሪያውን አይቶ «እንፍራንዝ የጥንቷ ይቺን ትመስል ነበር ይባላል» አለ። እውነቱን ነው። አፄ ኢያሱን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1700 ገደማ እንፍራንዝን አይቶ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ ቤት ለቤት ተቀላቅሎ እንደሚኖርባት ጽፏል። ከእሱም በፊት፣ በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ከጎንደር ተልኮ ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ደርሶ ተመልሷል። የእኛ ንግድ ወደ እስያ ከተማ መንገድ የጀመረው በእኛ ዕድሜ አይደለም።

ቤት ስንገባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። አረፍ ልል ስል እናቴ ደወለች፤ እሷ ዘንድ ገና ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ምን አበላሃቸው ትለኛለች ብዬ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን፣

«እግራቸውን አጠብካቸው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ዞር ብዬ አየሁ። የወረታው ካልሲውን አውልቆ ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ የካልሲው ላስቲክ ቆዳው ላይ ቀለበት ሠርቷል። ሦስት ቀን ሙሉ ሕንጻ አሳይቻቸዋለሁ፣ መቶ ዓይነት ምግብ አስቀምሻቸዋለሁ፤ እግራቸውን ግን አላየሁትም።

ወደ ታች ወርጄ ከመንገዱ ዳር ሱቅ ረጅም ባልዲ ገዛሁ። እዚያ ሀገር ሰው ማታ ማታ እግሩን በሙቅ ውኃ የመዘፍዘፍ ልማድ ስላለው፣ ባለሱቋ አሮጊት ውኃው እስከየት መድረስ እንዳለበት የራሷን ባት በእጇ እየለካች አሳየችኝ። ውኃ አሞቅኩ፤ ጨው ጨመርኩ። የወረታው «ተው፣ አታድርገው!» ብሎ እግሩን ሰበሰበ። «አቦን!» አልኩት። ዘረጋ። ጎንበስ ብዬ ተረከዙን ስይዝ፣ እንፍራንዝ ላይ የእናቴ ገበቴ ፊት የተቀመጥኩ መሰለኝ። ማንም አልተናገረም። ውኃውን ለውጬ የባሕር ዳሩንም አጠብኩ።

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። እኔ ያየሁት ግን ብረት የሚሆነው እንግዳው ሳይሆን የአስተናጋጁ ጉልበት መሆኑን ነው። በአምስተኛው ቀን ደከምኩ። ቀን ሥራ፣ ማታ ምጣድ፣ ሌሊት የዕቃ ክምር። ጠዋት ስነቃ ግን ቡና ይሸተኛል። የባሕር ዳሩ ቤቱን ጠርጎ፣ ሲኒ አጥቦ፣ ጀበናውን ምድጃው ላይ ጥዷል። «እንግዳ ቡና አያፈላም!» አልኩት። «ለሦስት ሰው የሚያፈላ እናት እዚህ የለችህም» አለኝና አቦሉን ቀዳልኝ።

ዕለቱን በፈንታዬ እኔ ሻይ ቤት ወሰድኳቸው። ጓንዡዎች ጠዋት ዘመድ ከወዳጅ ሆነው በትንንሽ የቀርከሃ ቅርጫት በእንፋሎት የበሰለ ምግብ ከሻይ ጋር ይበላሉ። ሻይ ሲቀዳልህ፣ ሳትናገር በሁለት ጣትህ ጠረጴዛውን ቀስ አድርገህ ትመታለህ፤ ምስጋና ነው። የወረታው ተምሮት ቀኑን ሙሉ ሲመታ ዋለ። ማሽኑንም በመጨረሻ መረጠ፤ ስባሪው ትንሽ የሆነውን።

የሸኘኋቸው ማታ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። እናቴ ጋ ደወልኩና «እማዬ፣ ያኔ በየማታው እንግዳ ሲመጣ፣ አንቺን የሚያግዝሽ ማን ነበር?» አልኳት።

«ማን ይኖራል? እናንተ ልጆች ነበራችሁ እንጂ።»

«አንቺስ? እግርሽን ሰው አጥቦልሽ ያውቃል?»

ትንሽ ቆየችና «እኔ መቼ ከቤቴ ወጥቼ እንግዳ ሆኜ አውቃለሁ፣ ልጄ» አለችኝ።

እናንተ ሆይ፣ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን ብለን ስንኮራ እውነታችንን ነው። ነገር ግን «ግባ» ያለው ሰው ሲመረቅ፣ ውኃውን የጣደችው ሴት ሳትመረቅ ኖራለች። እኔ ይህን ያወቅሁት እናት፣ እህት፣ ሚስት በሌለበት ቤት እንግዳ ስቀበል ነው። ስለዚህ ሰው ሀገር ወዳለ ወዳጃችሁ ስትሄዱ፣ የምትመጡበትንና የምትመለሱበትን ቀን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ጊዜው ከዳቦው ይወደዳልና። ከደረሳችሁ በኋላም ሲኒ እጠቡለት። በሀገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ እንግዳ ሲመጣ ከመደባችሁ ተነሱ።

ለጥምቀት እንፍራንዝ ገባሁ። በመጀመሪያው ማታ እናቴ እንደ ልማዷ እሳት ልታቀጣጥል ስትነሳ «ተቀመጪ» አልኳት። ውኃውን እኔ አሞቅሁ፤ እግሯን አጠብኩ። ተረከዟ እንደ በጋ ማሳ ተሰነጣጥቋል። «ምነው፣ እንግዳ አደረግኸኝ?» አለችኝ። አዎ አልኳት፤ መረቀችኝ።