ግማሽ ሞደም

ዊንዶውስን ትቶ ሊኑክስን መሞከር የፈለገ የ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወጣት ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በአንድ ነገር ነበር፤ ኮምፒውተሩ አይደውልም። ያኔ በብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚገባው በስልክ ሽቦ ነው። ሞደሙ ይደውላል፣ ከማዶ ያለው ሞደም ያነሳል፣ ሁለቱ ተንጫጭተው ይግባባሉ።

ጫጫታው ምንድነው ካላችሁ፣ የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ስለሆነ በግምት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል። ሞደም ዜሮና አንዱን በዚያ ጠባብ መንገድ ወደሚያልፍ ድምፅ ይቀይራል፤ የመጣውን ድምፅ ደግሞ መልሶ ይፈታል። ለዚህ ከባድ ሒሳብ የራሱ ቺፕ ነበረው። ኮምፒውተሩ አጭር ትእዛዝ ብቻ ይልክለታል፤ ትእዛዞቹም ሄይስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣው ስማርትሞደም የተወረሱ ናቸው። «ኤቲዲቲ» ብላችሁ ቁጥሩን ካስከተላችሁ ይደውላል። ይህን ለመላክ ሊኑክስ ምንም አይቸገርም።

ከዚያ ፕሮሰሰሮች ፈጠኑ። አምራቾቹም «ሒሳቡን ፕሮሰሰሩ ቢሠራው ምናለ?» ብለው ቺፑን ከካርዱ አወጡትና ሥራውን ለሶፍትዌር ሰጡ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም፤ ካርዱ ረከሰ። ነገር ግን ሶፍትዌሩ የተጻፈው ለዊንዶውስ ነው፣ ኮዱም ዝግ ነው። «ዊንሞደም» የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ነው። የሊኑክስ ተጠቃሚ የገዛው እንግዲህ ግማሽ ሞደም ነበር፤ ሌላው ግማሽ ያለው ሊያነበው በማይችለው ኮድ ውስጥ ነው። ለአንዳንድ ቺፖች ድራይቨር ቢገኝ እንኳ፣ ለማውረድ መጀመሪያ ኢንተርኔት ያስፈልጋል! ስለዚህ ብዙዎች ወደ ዊንዶውስ ተመልሰው ያወርዱና በፍሎፒ ያመጡታል። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ደግሞ ድራይቨሩ ዝም ሊል ይችላል።

ክፍተቱን ለመሙላት ከገቡት አንዱ ለኮኔክሳንት ቺፖች ድራይቨር የሚያቀርበው ሊኑክሳንት ነው። እዚህ ጋ ነገሩ ይጦዛል። የሊኑክስ ከርነል አዲስ ሞጁል ሲገባበት ፈቃዱን ይጠይቃል፤ ዝግ ከሆነ «ተበክያለሁ» ብሎ ራሱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ይህ ንፉግነት እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተሩ ቢደርቅ፣ የከርነሉ ጸሐፊዎች ያላዩትን ኮድ ስሕተት ሲፈልጉ ሊውሉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ታዲያ አንድ ነገር ተገኘ። የሊኑክሳንት ሞጁል ፈቃዱን ሲናገር «ጂፒኤል» ይላል፤ ይህ የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ስም ነው። ከሱ ቀጥሎ ግን አንድ ዜሮ ባይት አለ፣ ከዜሮውም በኋላ ፈቃዱ በአንድ ማውጫ ውስጥ ላሉት ፋይሎች ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ከርነሉ በተጻፈበት በሲ ቋንቋ ዜሮ ባይት ማለት «ጽሑፉ እዚህ አለቀ» ማለት ነው። ስለዚህ ከርነሉ «ጂፒኤል»ን አንብቦ ያልፋል፣ የተቀረው ቃል ከፊቱ እያለ አያየውም።

ድርጅቱ ያደረግነው ተጠቃሚዎችን የሚያደናግረው ማስጠንቀቂያ እንዳይደጋገም ነው አለ። በእኔ ግምት ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ዘዴው ግን ማታለል ነው። የከርነሉ ጸሐፊዎችም አልረሱትም። ከጊዜ በኋላ የዚሁ ድርጅት ሌላ ድራይቨር በስሙ ተጠቅሶ በከርነሉ ኮድ ውስጥ ገባ፤ ፈቃዱ ምንም ቢል ከርነሉ እንዲበከል ታዘዘ፣ ከላዩም «ጂፒኤል ነኝ ሲል ተይዟል» የሚል ይዘት ያለው ማስታወሻ ተጻፈበት።