ግንብ፣ ማሰሪያና ርቀት
(በሬዲዮ ከተነገረው ንግግር)

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጡ በመንገዱ ግራና ቀኝ የድንጋይ ግንብ ታያላችሁ። አንዱ በጭቃ፣ አንዱ በሲሚንቶ የተያያዘ ነው። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ ሲተኛ ግንቡ ከሌባም ከነፋስም እንደሚጠብቀው ያምናል፤ እምነቱም ትክክል ነው። ነገር ግን በአቅራቢያው ባሩድ ቢፈነዳ ያው ግንብ ጠባቂ ሆኖ ይቀራልን? ወይስ ድንጋዩን በባለቤቱ ላይ ይወረውራል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጡን የአገራችን ታሪክና የዘመናችን የሒሳብ ጥበብ ናቸው።

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ መረዳት ይገባል። ፍንዳታ በተነሣ ጊዜ አየሩ በድንገት ተጨምቆ ከድምፅ ፍጥነት በሚበልጥ ሩጫ ወደ ዙሪያው ይገሠግሣል። ይህ ግፊት ግንብን ፊት ለፊት ሲመታ ኀይሉ ቢያንስ በእጥፍ ያድጋል። ግንቡም ወደ ውስጥ ይጐብጣል፤ በስተጀርባው ያለው ገጽም ይለጠጣል። ድንጋይ የሚጫነውን ሸክም ለመቻል ብርቱ ነው፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለው ማሰሪያ ግን መለጠጥን አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚሸነፈው ድንጋዩ ሳይሆን መጋጠሚያው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፣ የግንብም ኀይል በኅብረቱ ነው፤ ኅብረቱ ሲፈታ እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው የሚወረወር ጥይት ይሆናል።

ለዚህ ትልቁ ምስክር በጎንደር የሚገኘው የነገሥታቱ ግቢ ነው። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዓመት ከተማይቱን ከቈረቈሩ ወዲህ ነገሥታቱ ተራ በተራ በድንጋይና በኖራ ያሠሩት ይህ ግቢ ሁለት ታላላቅ መናወጥ ደርሶበታል። የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ ተጐዳ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1941 ከተማይቱን ይዞ በነበረው በኢጣልያ ጦር ላይ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ በግቢው ላይ ጉዳት አደረሰ። የኢጣልያ ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥ ውጊያው አበቃ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። ዛሬ የኢያሱን ቤተ መንግሥት የሚጐበኝ ሰው ጣሪያው ጠፍቶ ወፍራሙ ግድግዳ ቆሞ ያያል። ወፍራም ግድግዳ ክብደቱ ይረዳዋል፤ ግፊቱ በሰከንድ ሽራፊ መጥቶ ሲያልፍ ያን ሁሉ ክብደት ለማንቀሳቀስ ጊዜ አያገኝምና።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጉለሌ ከተማውን አቋርጦ በስተደቡብ ይገኛል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ የመንግሥት ለውጥ ከሆነ አንድ ሳምንት በኋላ፣ በነፋስ ስልክ የነበረ የጥይት መጋዘን ፈነዳ። ብዙ ሰው ሞተ፤ በአካባቢው ያለው ቤትም ፈረሰ። የ1977ን ረኃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚን አደጋውን ለመቅረጽ ሄዶ ሳለ በተከታዩ ፍንዳታ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባልደረባው ጆን ማታይም ሕይወቱ አለፈ። በጎንደር የተጐዳው ቅርስ ነበር፤ በነፋስ ስልክ ግን በግድግዳው ጀርባ ሰው ይኖር ነበር።

እንግዲህ ከፍንዳታው አስቀድሞ ጉዳቱን ማወቅ ይቻላልን? እ.ኤ.አ. በ1915 እንግሊዛዊው ሆፕኪንሰን፣ በ1926 ደግሞ ጀርመናዊው ክራንዝ፣ አንድ ጠቃሚ ሕግ አስረዱ። የሚፈነዳው ነገር ስምንት እጥፍ ቢበዛ፣ የቀድሞው ያህል ግፊት የሚደርሰው በሁለት እጥፍ ርቀት ነው፤ ሺሕ እጥፍ ቢበዛ በዐሥር እጥፍ። ስለዚህ የመጋዘኑን መጠን የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገውን ርቀት ማስላት ይችላል።

ነገር ግን ይህ ሕግ የግፊቱን መጠን እንጂ ግንቡ እንዴት እንደሚፈርስ አይነግረንም። ይህን የሚያሳየው ኮምፒውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ፒተር ከንዳል የተባለ ሊቅ የተሰነጣጠቀን አለት እንደ ብዙ የተለያዩ ክፍሎች ቈጥሮ የማስላት ዘዴ አቀረበ፤ ዘዴውም በኋላ ለድንጋይ ግንብ ዋለ። እያንዳንዱ ድንጋይ ለብቻው በቍጥር ይሣላል፤ መጋጠሚያውም ምን ያህል መሳብ እንደሚችል ይመዘገባል። ከዚያም የፍንዳታው ግፊት በሰከንድ ሺሕኛ እየተከፋፈለ ይጫንበታል፤ ኮምፒውተሩም መጀመሪያ የቱ መጋጠሚያ እንደሚከፈት፣ የቱ ድንጋይ ወዴት እንደሚወረወር ያሳያል። የማሰሪያው ጥንካሬ በግምት ከተሞላ ግን የሚገኘው መልስም ግምት ነው። ስለዚህ መሐንዲሶች ስሌቱን በሜዳ ላይ ከፈተኑት እውነተኛ ግንብ ጋር ያመሳክሩታል።

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ጉዳይ የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም። መጋዘን የት ይሠራ፣ ነዳጅ የት ይከማች፣ ከመኖሪያ ሰፈር ምን ያህል ይራቅ የሚለው ወረቀት በመጨረሻ በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብ የፈነዳው 2,750 ቶን ያህል አሞንየም ናይትሬት ለዓመታት በመጋዘን ተቀምጦ የነበረ ነው፤ አደገኛነቱን የሚያስጠነቅቁ ደብዳቤዎችም ተጽፈው ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ግን ከተማይቱን አላዳኑም።

እንግዲህ የጉለሌው ባለቤት መጋጠሚያው የተሸረሸረውን ግንብ ያድስ፤ ሹሙም ርቀትን ያስከብር። ግንብ የሚጠብቀን ማሰሪያው ሲጠነክር፣ አደጋውም ሲርቅ ነው። ይህም ሥራ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ነውና፣ ከፍንዳታ በኋላ ሳይሆን ከፍንዳታ በፊት ይሠራ።