የላስቲኳ መንጠቆ ታሪክ

ታሪክ ሲባል ጦርነትና ንጉሥ ብቻ ለሚመስላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ሞተር ላይ ዕቃ ስለምናስርበት ላስቲክ፣ በተለይ ጫፉ ላይ ስላለችው መንጠቆ ልጻፍላችሁ። ሳቁ፣ ችግር የለም። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ከላስቲኩ እንጀምር። ቶማስ ሃንኮክ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1820 ለጓንት፣ ለጫማና ለካልሲ የሚሆን የሚለጠጥ ማሰሪያ የፈጠራ መብት አወጣ። ችግሩ ያኔ ጎማ ሲሞቅ ይጣበቃል፣ ሲበርድ ይደርቃል። በ1844 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከር ዘዴውን አስመዘገበ፤ ሃንኮክም በአገሩ እንደዚሁ። ላስቲክ ሸክም የሚታመንበት ከዚህ ወዲህ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ አውሮፕላኖች ሲያርፉ ድንጋጤውን የሚችልላቸው በእግራቸው ዘንግ ላይ የተጠመጠመ የላስቲክ ገመድ ነበር። ዛሬ ከሱቅ የምንገዛው ባለ ቀለሙ ገመድም የእሱ ዘመድ ነው፦ ውስጡ ላስቲክ፣ ውጪው የተጎነጎነ ክር።

እኛ ጋ ደግሞ የድሮው ማሰሪያ ካላማዳሪ ነው። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፣ «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ክፍል ማለት ነው። ጎማ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፖርቶመጋላ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ወርሮን ቆይቶ ሲወጣ መንገዱና ጋራዡ፣ የጋራዡም ቋንቋ ቀረ። አባቶቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት የፊያት መኪና ስም እንኳ «ትሬ»ው ሦስት ማለት ነው። ያረጀው ካላማዳሪ በቀጭኑ ተቀደደና ፖርቶመጋላ ላይ ፍየሉንም ፍራሹንም ማሰሪያ ሆነ። አንድም ነገር አይጣልም ነበር።

አሁን ወደ መንጠቆዋ። ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ሳይበጠስ ቀድማ የምትከዳው እሷ ናት። የፋብሪካዋ ከቀጭን ሽቦ ስለምትሠራ ሸክም ሲበዛባት አፏ ይከፈታል። ጥሩ ባለሙያ ምትክ ሲሠራ ተመልከቱት። የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ አይነካም፤ ለስላሳ ነው፣ ይዘረጋል። ጠንካራና ወፈር ያለ ሽቦ በሞርሳ ይይዝና በቱቦ ቁራጭ ላይ ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። በሹል ጥግ አያጥፈውም፣ እዚያ ጋ ይሰነጠቃላ። እሳትም አያሳየውም፤ የስፕሪንግ ሽቦ ከጋለ ጥንካሬው ይሄዳል። ጫፉን በሞረድ ያለሰልሰዋል፣ ላስቲኩን እንዳይበላው። ይሄ ሁሉ ፊዚክስ ነው፤ እሱ ግን በእጁ ነው የሚያውቀው።

እዚህ ጋ ነው ታሪካችን የሚያሳፍረኝ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን ከሠራለት ሰው ጋር ማዕድ የማይቆርስ፣ ጋብቻ የማይፈጽም፣ «ቡዳ» እያለ የሚሸሸው ማኅበረሰብ ነበርን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ ግን ዛሬም ልጁ ብየዳ ተማረ ብሎ ለጎረቤት መናገር የሚያፍር ወላጅ አውቃለሁ። ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ከቆርቆሮና ከበርሜል ምድጃና ሳጥን የሚሠሩትን እዩ፤ መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ይውላል። ዕቃቸውን እንወዳለን፣ ስማቸውን ግን አንጠይቅም።

የመንጠቆዋ ነገር ደግሞ ቀልድ አይደለም። ተለጥጣ ያመለጠች መንጠቆ ዓይን ታጠፋለች፤ ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉበት አደጋ ነው። ስለዚህ አጥብቆና አስተካክሎ የሠራት ሰው የአንድ ሰው ዓይን ጠብቋል ማለት ነው። ለዚህ ሐውልት አይቆምለትም።

እናም ልጆች፣ ላስቲካችሁን አሁኑኑ እዩት። አፏ የተከፈተ መንጠቆ ካለች በመዶሻ መልሳችሁ አትግጠሟት፣ አንዴ የታጠፈ ብረት እዚያው ላይ ይደክማል፤ አስቀይሯት። ስትለጥጡም ፊታችሁን ዞር አድርጉ። ባለሙያውን ደግሞ ከሒሳቡ ጋር ስሙን ጠይቁት።

በነገራችን ላይ፣ ካላማዳሪን ከመነዳሪ የሚሉም አሉ። በእናንተ አገር ምን ይባላል? እስኪ ጻፉልኝ።