መፋቂያና ጉጠት፤ የአፍ ንጽሕና ታሪክ ከወለቃ መንደር

የጎንደር ታሪክ ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የፋሲል ግንብ፣ የቁስቋም ቤተ መንግሥትና የደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕል ነው። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ለግንቡ ድንጋይ የጠረቡት፣ ለማረሻው ብረት የቀጠቀጡት፣ ለውሃው እንስራ የሠሩት ሰዎች ማለዳ ከመኝታቸው ሲነሡ ምን ያደርጉ እንደነበር የሚጠይቅ ጸሐፊ ጥቂት ነው። ከሚያደርጉት አንዱ ግን የታወቀ ነው፤ ከደጃፋቸው ቅርንጫፍ ቀጥፈው ጥርሳቸውን ይፍቁ ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ቅርንጫፍ፣ ከእርስዋም ጋር አብረው ስለኖሩት ጉጠትና መርፌ ነው።

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ወደ ደባርቅ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደ ሄደ ወለቃን ያገኛል። መንደሯ ለብዙ ዘመን የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበረች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ አብዛኛው ቤተ እስራኤል የርስት መብት ያልነበረው፣ የሰው መሬት በጭሰኝነት የሚያርስ በመሆኑ ወናፍና ጭቃ የዕለት ጉርሱ መሠረት ሆነው ኖረዋል። ጎረቤቱ ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን ከቀጥቃጩ ይገዛል፤ ሚስቱም ምጣዷን፣ ጀበናዋንና እንስራዋን ከሸክላ ሠሪዋ ትገዛለች፤ ዕቃውን ይዘው ሲመለሱ ግን ሠሪውን «ቡዳ» ይሉታል። ያለ እርሱ እጅ የማያርስ፣ ያለ እርሱ እጅ እንጀራ የማይጋግር ኅብረተሰብ ባለሙያውን እንደዚህ አርቆ ማኖሩ በታሪካችን ከተፈጸሙት ትልልቅ በደሎች አንዱ ነው።

የጥርስም ነገር ከዚህ ውስጥ ይገባል። ጥርሱ ሌሊቱን ሲነዘንዘው ያደረ ሰው በመጀመሪያ ቅርንፉድ ወይም ነጭ ሽንኩርት ይነክሳል። ቅርንፉድ በውስጡ ያለው ዘይት የማደንዘዝ ኃይል ስላለው ሕመሙን ያስታግሳል፤ የተቦረቦረውን ጉድጓድ ግን አይደፍንም። ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣ ደብተራ ዘንድ የሚሄድ ነበረ። የደብተራ የመድኃኒት መጻሕፍት ምን እንደሚመስሉ ለማወቅ የሚሻ አንባቢ እስቴፋን እስትሬልሲን የተባለው ፖላንዳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ያሳተማቸውን ጥራዞች ቢመለከት ቅጠላ ቅጠሉና ጸሎቱ፣ ሥራ ሥሩና አስማቱ በአንድነት ተሰልፈው ያገኛቸዋል። ይህም ያልበጀው የመጨረሻው ደጅ የወጌሻ ደጅ ነው። ወጌሻ አጥንት ይጠግናል፣ እንጥል ይቆርጣል፣ ጥርስም ይነቅላል። የሚነቅልበት ጉጠት ከቀጥቃጭ ወናፍ የወጣ ነው። ማደንዘዣ የለም፤ በሽተኛውን ጨብጠው የሚይዙ ሁለት ጎረምሶች ግን አሉ። በቀን «ቡዳ» ያለውን ሰው ሌሊት ጥርሱ ሲያመው የእጁን ሥራ አፉ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ምን ያስብ እንደነበር ማወቅ ደግ ነበር።

ይሁን እንጂ ጉጠት የጥርስ አያያዝ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። መጀመሪያው መፋቂያ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ለመፋቂያነት ከሚመረጡት ዕፅዋት መካከል ወይራ፣ ክትክታና ልምጭ ይገኛሉ። ልምጭ ሲባል ብዙ መምህራን የሚያስታውሱት አርጩሜን ይሆናል፤ እዚህ የምንለው ግን ቅጠሉ ሲታሽ መልካም ሽታ ያለውን ዛፍ ነው። ከእርጥቡ ቅርንጫፍ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው፣ ስንዝር የሚያህል ይቆረጣል። የአንዱ ጫፍ ልጥ ይላጥና ጫፉ ቃጫ እስኪመስል ድረስ በጥርስ ይታኘካል። ከዚያ በኋላ እንደ ብሩሽ ጥርሱን ከድዱ ወደ ጫፉ ይፍቁበታል። በጎርባጣ ኃይል የሚፍቅ ሰው ድዱን ያቆስላል፤ ድዱም ከጊዜ በኋላ ወደ ላይ ይሸሻል። የተጠቀሙበት ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል፤ በማግስቱ አዲስ ጫፍ ይታኘካል።

ይህ ሥራ የሚጠቅምበት ምክንያት ውስብስብ አይደለም። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ከምግብ ርዝራዥ ጋር ሆነው ጥርስ ላይ የሚያጣብቅ ስስ ንጣፍ ይሠራሉ። ይህ ንጣፍ በየዕለቱ ካልተወገደ በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን እየጠነከረ ድንጋይ ይሆናል። ድንጋዩ ከተጋገረ በኋላ መፋቂያም ብሩሽም አያነሣውም፤ በባለሙያ መሣሪያ ብቻ ይነሣል። ድዱ በዚህ ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ይደማል፤ ቆይቶም ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላና ያልተቦረቦረ ጤነኛ ጥርስ ተነቃንቆ ይወድቃል። ስለዚህ ወሳኙ ነገር የመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን ንጣፉ በየቀኑ መወገዱ ነው። ቤሪት ኦልሶን የተባለች ተመራማሪ በኢትዮጵያ ተማሪዎች ላይ አድርጋ እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመችው ጥናት መፋቂያ ንጣፉን በማንሣት ረገድ ከብሩሽ የማያንስ መሆኑን አሳይቷል። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 የጥርስ መፋቂያን መጠቀም ልማድ በሆነባቸው አገሮች እንዲበረታታ መክሯል። ባለ ናይለኑ ብሩሽ በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1938 መሆኑን ስናስታውስ፣ መፋቂያን «ኋላ ቀር» ብሎ የናቀው የከተማ ሰው የኮራበት ነገር ምን ያህል ትናንትና የመጣ እንደሆነ እንረዳለን።

አባቶቻችን የሳቱት አንድ ነገር ግን አለ። መፋቅ የማለዳ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ ሰው ከሰው ጋር ከመገናኘቱ በፊት አፉን ማጽዳቱ የጨዋነት ምልክት ነበርና። ለጥርስና ለድድ ግን ከማለዳው ይልቅ የሚበልጠው የመኝታ ሰዓት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ ተሕዋስያኑ የሚከለክላቸው ሳይኖር ያድራሉ። ከእራት በኋላ ውሃ ተጉመጥሙጦ መተኛት መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን መጉመጥመጥ የተጣበቀውን አያነሣም።

ባሕል ሁሉ ቅርስ ነው ብሎ መከራከርም አይቻልም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሴቶች ድዳቸውን መነቀሳቸው የታወቀ ነው። ሐጫ በረዶ የመሰለ ጥርስ በጠቆረ ድድ ላይ ሲታይ የሚሰጠውን ውበት ያልዘፈነ አዝማሪ የለም ማለት ይቻላል። ንቅሳቱ ለውበት ብቻ ሳይሆን የሚደማ ድድን ያድናል ተብሎም ይደረግ ነበር። ጥቀርሻው በእሾህ ወይም በመርፌ ተወግቶ ይገባል። የሚያሳዝነው ግን ይህ ነው፤ የድድ ሕመም የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ሲሆን ንቅሳቱ ይህንኑ ምልክት ይሸፍነዋል። አንድ መርፌ ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ ሲተላለፍም የጉበት በሽታንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከንቅሳቱ የከፋው ግግ ማውጣት ነው። ሕፃኑ ጥርስ በሚያበቅልበት ወራት ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፣ በድዱ ላይ የክራንቻው እብጠት ነጭ ሆኖ ይታያል። «ትል ነው፤ ሕመሙን ያመጣው እርሱ ነው» ይባልና በሹል ብረት ተፈልቅቆ ይወጣል። የወጣው ትል አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ ነው። ሕፃኑ ተቅማጥ የያዘው ከውሃና ከምግብ ነው፤ ጥርሱን ያጣው ግን በከንቱ ነው። ደሙ አልቆም ብሎ፣ ወይም ቁስሉ መርቅዞ፣ ወይም መንጋጋ ቆልፍ ገብቶበት የሚሞት አለ። የተረፈውም ቢሆን ከሥር ያለው ቋሚ ጥርሱ ተበላሽቶ ይወጣል፤ ወይም ፈጽሞ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ1994 በእስራኤል አገር በኢትዮጵያውያን አይሁድ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት የጠፉትን ክራንቻዎችና የቋሚዎቹን ጉድለት መዝግቧል። እናቶቹ ያደረጉት ከፍቅር ነው፤ ከእነርሱ ጋር የሚነጋገር የጤና ሠራተኛም ሆነ መምህር ይህን መዘንጋት የለበትም።

በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የተቋቋመው በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ማግስት ሲሆን የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ወባና የፈንጣጣ ክትባት ቀዳሚ በነበሩበት ዘመን ለጥርስ የተረፈ ጊዜ ብዙ አልነበረም። ስኳሩ ግን ማንንም ሳይጠብቅ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ወደ ደጋው ወጣ። ጤፍ፣ ባቄላና ሽምብራ የሚበላ ሕዝብ ጥርሱ በብዛት አይቦረቦርም ነበር፤ ተሕዋስያኑ ስኳርን ወደ አሲድ ለውጠው ጥርሱን የሚያሟሙት ስኳሩ ደጋግሞ ሲቀርብላቸው ነውና። የወንጂ ነገር ሌላም ፊት አለው። በስምጥ ሸለቆው ያለው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት እዚያ ያደጉ ልጆች ጥርሳቸው ይበልዛል፤ በርካታ አረጋውያን ሠራተኞችም አጥንታቸው ተጣምሟል። በመጠኑ ሲሆን ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን ከመጠን ሲያልፍ ያጎድላል።

የወለቃ ቤተ እስራኤሎች ከመንደራቸው የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በመንገድ የሞቱትም ብዙዎች ናቸው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺሕ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሄዱ። ከእነርሱና ኋላ ከተከተሉአቸው ወገኖች ጋር የመፋቂያ ልማድም አብሮ ተሻገረ። የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች በመጀመሪያ ባዩት ነገር ተደንቀው ነበር፤ ከኢትዮጵያ ገጠር በቅርቡ የመጡት ሰዎች የተቦረቦረ ጥርሳቸው ጥቂት ነበርና። ነገር ግን አንድን ወገን እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተከታተለ ጥናት ጥርሳቸው መቦርቦር እየጨመረ መሄዱን አረጋግጧል። ምግቡ ተለውጧል፤ ዛፉም ከደጃፍ ጠፍቷል። አሮጌውን መሣሪያ የጣለ፣ አዲሱን ገና ያልለመደ ሰው በሁለቱ መካከል ጥርሱን ይከፍላል።

ይህ በጎንደር ከተማም ሆነ በአዲስ አበባ የሚታይ ነገር ስለሆነ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚገባውን ማንሣት ግድ ነው። መፋቂያ ያለው በመፋቂያው፣ ብሩሽ ያለው ለስላሳ በሆነ ብሩሽ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ ያህል፣ የውስጡንና የኋላውንም ገጽ ሳይረሳ ያጽዳ። መፋቂያ የሚጎድለው ፍሎራይድ ነው፤ ስለዚህ የፋቀ ሰው ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና በጣቱ ወስዶ ጥርሱን ቢቀባ የብሩሽን ጥቅም ያገኛል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ የሚያህል ብቻ ይበቃዋል። በአመድና በከሰል መፈተግ ጥርሱን ያነጣ ቢመስልም ቆዳውን ይበላዋል። ድዱ ስለደማ ማጽዳቱን የሚያቆም ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ስሕተት ነው፤ የሚደማው ስላልጸዳ ነውና በቀስታ መቀጠል ይገባዋል። እርጉዝ ሴት ድዷ ከወትሮው ይልቅ ሊደማ ይችላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቆመ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለሕፃናት ግን ሁለት ሳምንት መጠበቅ አይገባም። ኖማ የሚባለው በሽታ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከተዘነጉት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ያገባው፣ የሚጀምረው ከድድ ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ወይም ኩፍኝ የወጣበት ሕፃን ድዱ ይደማል፣ ይቆስላል፣ አፉም ክፉ ይሸታል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጩ ጠቁሮ ይበሳል። ሳይታከሙ የቀሩት አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ የተረፉት ፊታቸውን ይዘው አይተርፉም። በመጀመሪያው ቀን ግን በቀላል ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ በንጹሕ የጨው ውሃና በተሻለ ምግብ ይቆማል። ለዚህም የሚያስፈልገው እናቲቱ ማለዳ የልጇን ከንፈር ገልጣ ድዱን ማየቷ ነው።