ከእጅ አረም እስከ ፀረ-አረም፦ ማሳው ያስተማረን

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ብዙ መባሉ አይቀርም። ፀረ-አረም ግን ከመጋዘናችን ከሚወጡት ግብዓቶች አንዱ ሆኖ ሳለ ታሪኩ እምብዛም አይነገርም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በመጠኑ ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

ከመርጫው በፊት

ኬሚካል ከመምጣቱ በፊት አረምን የመከላከል ሥራ የሚጀምረው በማረሻ ነበር። የጤፍ ማሳ ተደጋግሞ የሚታረሰው አፈሩን ለማለስለስ ብቻ ሳይሆን የበቀለውን አረም ገልብጦ ለማጥፋትም ጭምር ነው። ሰብል ማፈራረቅም ሌላው ዘዴ ነበር። ኑግ የተዘራበት መሬት በቀጣዩ ዓመት አረሙ እንደሚቀንስ አባቶቻችን በልምድ ያውቁ ነበር። የቀረው በእጅ ይታረማል፤ ለብቻ የማይገፋው ደግሞ በደቦና በወንፈል ይወጣል።

ይህን ስናወድስ ሸክሙን መርሳት የለብንም። አረም የሚበረታው ሁሉም ማሳ በአንድ ጊዜ እጅ በሚፈልግበት በክረምት ነው። ጎንበስ ብሎ የመዋሉ ድካምም በአብዛኛው የሚያርፈው በሴቶችና በልጆች ላይ ነበር። ገበሬው ኬሚካሉን የተቀበለው በዚህ ምክንያት እንጂ ለዘመናዊነት ብሎ አልነበረም።

የቱ ፎር ዲ መምጣት

ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ-አረም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በእንግሊዝና በአሜሪካ ተመራማሪዎች ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ለገበያ ቀረበ። መድኃኒቱ የተክልን የእድገት ሆርሞን በመምሰል ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ከልክ በላይ አሳድጎና አጣሞ ይገድላል። እንደ ስንዴና ገብስ ያሉ የሣር ወገን ሰብሎችን ግን በትክክለኛው ጊዜና መጠን ከተረጨ አይጎዳም።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በአርሲ ማዳበሪያና የተሻሻለ የስንዴ ዘር ማዳረስ ሲጀምር ለዘመናዊ ግብዓት በር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቱ ፎር ዲ በመንግሥት እርሻዎችም ሆነ በአነስተኛ ማሳዎች እየተለመደ መጣ። ብዙ ሰው ቀናት የሚፈጅበትን ሥራ አንድ ሰው መርጫ ተሸክሞ በአጭር ጊዜ ይጨርሰው ጀመር።

የማሳው መልስ

ይሁን እንጂ ማሳው ዝም አላለም። በአርሲና በባሌ የስንዴ መሬቶች ቱ ፎር ዲ በየዓመቱ ሲደጋገም ሰፊ ቅጠል ያለው አረም ቀንሶ በምትኩ ስናርና ሙጃ ተስፋፉ። እነዚህ ራሳቸው የሣር ወገን በመሆናቸው መድኃኒቱ አይነካቸውም። ስናር በቡቃያነቱ ከስንዴ ጋር ስለሚመሳሰል በእጅ ለማረምም ያስቸግራል። በመሆኑም እንደ ቶፒክ፣ ፑማ ሱፐርና ፓላስ ያሉ ተጨማሪ መድኃኒቶች መግዛት አስፈለገ። አንዱን ወጪ ለመቀነስ የገባው ግብዓት ሌላ ወጪ ጠራ ማለት ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በካናዳ እ.ኤ.አ. በ1957 ቱ ፎር ዲን የሚቋቋም የዱር ካሮት ተገኝቷል። አንድ ዓይነት መድኃኒት ሲደጋገም ከሞት የሚተርፉት ጥቂት አረሞች ዘር እየጣሉ ይበዛሉ።

ከማሳው ውጭ

መጭ ለስንዴ አራሹ አረም ነው፤ ለንብ ግን ቀለብ ነው። ማሳው ሁሉ ሲረጭ የማር አምራቹ ቀፎ ይራባል። ነፋስ የወሰደው ቱ ፎር ዲም የጎረቤትን ባቄላ፣ አተርና ኑግ ያቃጥላል። የመርጫ እጣቢ ወንዝ ውስጥ ሲደፋ ደግሞ ጉዳቱ ከብቱንና ሰውን ይከተላል።

የመድኃኒቱ ጥራትም ከባድ ጉዳይ ነው። በቬትናም ጦርነት የተረጨው «ኤጀንት ኦሬንጅ» ከቱ ፎር ዲና ከሌላ ተመሳሳይ ኬሚካል የተቀላቀለ ሲሆን ለብዙ ሰው ጤና መቃወስ ዋና ምክንያት የሆነው በሁለተኛው ኬሚካል አመራረት ወቅት የተፈጠረው ዳይኦክሲን የተባለ መርዝ ነበር። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴትን «ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ተብሎ በሚገመት» ምድብ ውስጥ አስገብቷል። የአውሮፓ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ፈቃዱን ለ10 ዓመት አድሷል። ክርክሩ ባልተቋጨበት ሁኔታ ጥንቃቄው ለረጪው ጤና ይበጃል።

ተፈጥሯዊው መንገድ

አንዳንዶች መፍትሔው ተፈጥሯዊ ፀረ-አረም ነው ይላሉ። ነገር ግን ጨው አረሙን ሲገድል አፈሩንም ያመክናል። ብርቱ ኮምጣጤ ቅጠሉን ቢያቃጥልም ሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የረጪውንም ዓይን ይጎዳል። በሌላ በኩል ተፈጥሮ ለሳይንስ መንገድ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1977 በካሊፎርኒያ አንድ ተመራማሪ ቦትል ብረሽ በተባለው ዛፍ ሥር አረም እምብዛም እንደማይበቅል አስተዋለ፤ ከዛፉ የተገኘው ንጥረ ነገርም ሜሶትሪዮን ለተባለው የበቆሎ ፀረ-አረም መነሻ ሆነ።

ከሁሉም የላቀው ትምህርት የመጣው ከአገራችን ልጅ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የአቀንጭራ ዘር የሚነቃው ከማሽላው ሥር በሚወጣ ምልክት ነው፤ ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች ደግሞ ይህን ምልክት እጅግ አሳንሰው ነው የሚያወጡት። አረሙ በመርዝ ሳይሆን በዘሩ ተሸነፈ።

ከእኛ የሚጠበቀው

በ2002 ዓ.ም. የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። አዋጅ ብቻውን ግን ማሳ አይጠብቅም። ዩኒየን ግብዓት ሲገዛ አንዱ ውሳኔ በብዙ ሺህ ማሳ ላይ ያርፋል፤ በአርሲና በባሌ የታየው ስህተትም በአንድ መድኃኒት ብቻ መታመን ነበር። ስለሆነም የግዥ ኮሚቴዎች የተመዘገበ መድኃኒት ብቻ እንዲገዙ፣ የአሠራር ዓይነቱንም በየዓመቱ እንዲያፈራርቁ ያስፈልጋል። አባላትም ነፋስ በሌለበትና ንብ በማይሰማራበት ሰዓት መርጨት፣ ንብ አናቢ ጎረቤትን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ባዶ ዕቃውን ደጋግሞ አጥቦ እጣቢውን ወደ መርጫው መመለስና ዕቃውን በስቶ ከአገልግሎት ውጭ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። በባዶው ጀሪካን ውኃ መቅዳት ፈጽሞ ሊታሰብ አይገባም። ሰብል ማፈራረቅና የእጅ አረምም ለመርጫው አጋር ሆነው ይቀጥሉ።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንዲሉ፣ ስናሩ ማሳችንን ከመውረሱ፣ ንቡም ቀፎውን ጥሎ ከመሄዱ በፊት ዛሬውኑ እንምከርበት። መልካም በዓል!