ከኮሶ እስከ ካንሰር፤ የሥጋ አበላላችንና የአንጀት ደዌ ታሪክ

ሥጋ መብላት በአንጀት ላይ ምን ጉዳት ያመጣል የሚለው ጥያቄ በአገራችን የቈየ ታሪክ አለው። አያቶቻችን ጥያቄውን የሚያውቁት በኮሶ ትል በኩል ነበር፤ የዛሬ ሐኪሞች ደግሞ በአንጀት ካንሰር በኩል ያነሡታል። ሁለቱ ደዌዎች በምክንያትም በመድኃኒትም አይገናኙም። ስለዚህ የሁለቱን ታሪክ ለየብቻ ከተመለከትን በኋላ፣ በሐዋሳ ከተማ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር ገበታ ለሚቀርብ ሰው ምን ትርጉም እንዳላቸው ለማሳየት እንሞክራለን።

ፒያሳ የጣልያንኛ ቃል ሲሆን አደባባይ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ቃሉ የገባው ከጠላት ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ካለው ጊዜ ወዲህ ነው። ሐዋሳ ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቈረቈረች ከተማ ስለ ሆነች፣ ስሙን ያገኘችው ከወራሪው ሳይሆን ከዋና ከተማይቱ ነው ለማለት ይቻላል። ሥጋ ቤትና መጠጥ ቤት በአንድ ጣራ ሥር የሚሆኑበት ልማድም ከስሙ ጋራ አብሮ ሳይመጣ አልቀረም። በዙሪያው ያለው የሲዳማ ገበሬ ኑሮ ግን በእንሰት፣ በወተትና በቅቤ የተመሠረተ ነው፤ ከሐይቁም ዓሣ ይገኛል።

ጥሬ ሥጋ የመብላትን ልማድ ለውጭ ዓለም በሰፊው ካሳወቁት አንዱ በ1770 እ.ኤ.አ. ጐንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው። መጽሐፉን በ1790 ሲያሳትም፣ ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣ የጻፈውን ብዙ የአገሩ ሰዎች ተረት ነው ብለው አላመኑትም። ለኛ ጥናት የበለጠ የሚጠቅመው ግን ስለ ኮሶ ዛፍ የጻፈው ነው። ኮሶ የደጋ ዛፍ ሲሆን፣ የሴቴው አበባ ደርቆና ተፈጭቶ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በ19ኛው ምእት ዓመት የመጡ ተጓዦች እንደ መዘገቡት፣ ኮሶ መጠጣት በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ የሚደረግ የተለመደ ነገር ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ ቢውልና እንግዳ ባይቀበል የሚነቅፈው አልነበረም፤ በዚህም ጌታና ሎሌ እኩል ነበሩ። መድኃኒቱ ግን መራራና ብርቱ ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ዓይንን እስከ መጉዳት ይደርሳል።

አያቶቻችን መድኃኒቱን እንጂ የትሉን መንገድ አያውቁም ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ሎይካርት በ1861 እ.ኤ.አ. ገደማ የትሉን ዕንቍላል ለጥጃ አብልቶ በጥጃው ሥጋ ውስጥ ሲያድግ በማየቱ፣ ትሉ ከሰው ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ ሰው እንደሚዞር አስረዳ። ከዚህ የምንረዳው የኮሶ ትል የሚመጣው ከሥጋው ብዛት ሳይሆን ከጥሬነቱ መሆኑን ነው። በደንብ የበሰለ ሥጋ ትሉን አያስተላልፍም። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል የሚባሉት እንክብሎች በአብዛኛው የኮሶን ቦታ ወስደዋል።

የካንሰሩ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በኡጋንዳ ለብዙ ዓመታት በቀዶ ጥገና ሐኪምነት የሠራው አየርላንዳዊው ዴኒስ በርኪት በ1971 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ የአንጀት ካንሰር በአፍሪካ ገጠር እጅግ ጥቂት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ብዙ የሆነበትን ምክንያት ከምግብ ልዩነት ጋራ፣ ይልቁንም አሰር ከተባለው በሆድ ከማይፈጨው የእህል ክፍል ማነስ ጋራ አያያዘው። ይሁን እንጂ አሳቡን እንዳለ መቀበል ያስቸግራል። ይህ ካንሰር በአብዛኛው በዕድሜ መግፋት የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ዕድሜው ባጠረ ሕዝብ ዘንድ ጥቂት ሆኖ ይታያል፤ መርማሪ ሐኪም በሌለበትም ሳይመዘገብ ይቀራል። በአገራችንም የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2011 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ፣ የትልቁ አንጀት ካንሰር በወንዶች ላይ በብዛት ከሚመዘገቡት አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ያልተቈጠረው ሁሉ ያልነበረ አይደለም።

በ2015 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ያለው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት ከ10 አገሮች 22 ሊቃውንት ሰብስቦ ከ800 በላይ ጥናቶች አስመረመረ። እነርሱም በጨው፣ በጢስ ወይም በመሰል ዘዴ እንዲቈይ የተዘጋጀ ሥጋ የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጣ፣ ቀይ ሥጋ ደግሞ ሳያመጣ እንደማይቀር ፈረዱ። በየቀኑ 50 ግራም የተዘጋጀ ሥጋ የሚበላ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ በ18 በመቶ ከፍ ይላል። ይህም ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማሉ ማለት ሳይሆን፣ አስቀድሞ የነበረው ትንሽ ዕድል በዚያ ልክ ይጨምራል ማለት ነው።

ይህን ፍርድ ወደ ፒያሳ ገበታ ስናመጣው ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ስለ ጥሬ ሥጋና ካንሰር ሊቃውንቱ የሚፈርዱበት ማስረጃ አላገኙም፤ ስለዚህ ቍርጥ ከካንሰር ነጻ ነው የሚልም፣ ካንሰር ያመጣል የሚልም በመረጃ አይናገርም። ሁለተኛ፣ በብርቱ እሳት እስኪያር የተጠበሰ ሥጋ ካንሰር ያመጣሉ ተብለው የሚጠረጠሩ ነገሮች ይፈጠሩበታል። ትሉን የሚገድለው እሳት ከልክ ሲያልፍ ሌላ ጉዳት ይወልዳልና፣ በቀስታ የበሰለው ወጥ ከሁለቱም ይሻላል። በጨው የሚደርቀው ቋንጣችንም በቃሉ ትርጉም ከተዘጋጀው ሥጋ ወገን ይመስላል። ሦስተኛ፣ ጾም የሚጠብቅ ሰው የዓመቱን ገሚስ ያህል ሥጋ አይቀምስም፤ ጤፍም ከቅንጣቱ ማነስ የተነሣ ገለባው ሳይለይ ስለሚፈጭ አሰሩ አይጐድልም። ነገር ግን ጥናቶቹ የሚቈጥሩት በየቀኑ የሚበላውን ስለ ሆነ፣ በጾም ታግሦ በፍስክ ባንድ ማዕድ ብዙ ለሚበላ ሰው እንዳሉ ሊተረጐሙ አይችሉም። ይህን መመርመር የኛ የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሥራ ነው።

እስከዚያው ድረስ ከታሪካችን አንድ ትምህርት እንወስዳለን። አያቶቻችን ኮሶ ጠጥቻለሁ ለማለት አያፍሩም ነበር፤ የሆድን ደዌ በግልጥ ይናገሩት ነበርና በጊዜው ይታከሙት ነበር። ዛሬ ግን በዐይነ ምድሩ ደም ያየ ሰው አፍሮ ይሸሽገዋል፤ ወይም ኪንታሮት ነው ብሎ ወራት ያሳልፋል። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየውም ሐኪም ብቻ ነው። ካንሰሩ በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ጥገና ሊድን የሚችል ስለ ሆነ፣ ከሥጋው ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው በዝምታው እንዳይሆን እንሠጋለን።